እማማ የሚዘሏት መስመር

መስታወት ሠሪው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ አማቱ «ልጄ» ብለው ጠርተውት አያውቁም። «አንተ ሰውዬ» ነው የሚሉት። ይህችን «ሰውዬ» ሲሏት ደግሞ ምሳቸው ውስጥ ጠጠር እንደገጠመው ሰው አፋቸውን ጠመም አድርገው ነው። እሱ ግን ዛሬም «እማማ» ይላቸዋል። ምን ይበል? የሚስቱ እናት ናቸው፤ ከልጃቸው በቀር ዘመድ አልነበራቸውም፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ያለው ቤት ደግሞ ይኸው አንዱ ነው።

ከተማው ከተከበበ ቆይቷል። ከኮረብታው ማዶ ያሉት ወደ ከተማው ይተኩሳሉ፤ ከተማው ውስጥ ያሉት ወደ ኮረብታው ይመልሳሉ፤ መሀል ላይ ያለው ሕዝብ መስኮቱን ያስጠግናል። ለመስታወት ሠሪ ከዚህ የተሻለ ዘመን ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ሰሞን፣ ይቅር ይበለውና፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ነበር። ጠዋት ተኩስ ከሰማ ቁርሱን ሳይጨርስ መቁረጫውን ይወለውል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሰዉ ሁሉ በፍንዳታ እንዳይረግፍ ብሎ መስኮቱን በፕላስተር አመሳቅሎ ይለጥፍ ነበር። እማማም ለጠፉ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወንበር ላይ ወጥተው፣ የልጃቸውን መኝታ ቤት መስኮት ከጥግ እስከ ጥግ አመሳቅለው ለጠፉት። መስታወት ሠሪው ከሥራ ሲመለስ አየውና ምላጭ አምጥቶ ላጠው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ምንም አይሠራም» አላቸው። «ፕላስተር መስታወት አያጠነክርም። እንደውም ሲሰበር በትልልቁ ነው የሚያወርደው።»

እውነቱን ነው፤ ሙያው ነው፤ ያውቃል። በምትኩ ባለ ስድስት ሚሊ ወፍራም መስታወት አምጥቶ ገጠመ። ዳር ዳሩን በስቱኮ አሳምሮ ጨረሰው። ሚስቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ እያየችው «አቤት ሲያምር! የቤተ መንግሥት መስኮት አስመሰልከው» አለችው፤ እሱም ደረቱ ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከባድ መሣሪያ ጥይት ጎዳናው ላይ ወደቀ። የቤተ መንግሥቱ መስኮት እንዳለ ወደ ውስጥ ገብቶ ሚስቱን አልጋው አጠገብ አገኛት።

እሱ ያን ጊዜ ሰው ቤት መስኮት ሲገጥም ነበር። ሮጦ ሲደርስ ጎረቤት አንሶላ አልብሷታል፤ እማማ ራስጌዋ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ቀና ብለው አዩትና «ፕላስተሩን ልጠኸው ነበር፣ አይደል?» አሉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሌላ ቃል አልተናገሩትም። ተኩስ ሲጀምር ቤተሰቡ የሚሸሸው ወደ ኮሪደሩ ነው፤ በቤቱ ውስጥ መስኮት የሌለው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ያን ዕለት ለምን እዚያ እንዳልነበረች ማንንም አልጠየቀም። ጥይቱ ድንገት ወድቆ፣ ኮሪደሩ ሳትደርስ ቀርታ ነው ብሎ ያዘው።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ እማማ መኝታ ቤቱን ለራሳቸው ወሰዱት። መስታወት ሠሪው ጣውላ ሊመታበት ቢል «ጨለማ ውስጥ ልታስቀምጠኝ? መስታወት ግጠም፤ እንደዚያው ያለውን ግጠም» አሉ። ገጠመ። ያንኑ ወፍራሙን፣ ያው ፍሬም ላይ ገጠመላቸው። ፕላስተር ልለጥፍበት ሲል ደግሞ «አይ! አይሠራም አላልክም?» አሉት። ልጃቸው የሞተችበት መስኮት ሥር ይተኛሉ። እሱ ሱቁ ውስጥ፣ ከመስታወቶቹ ጎን፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። መተኛት ከተባለ።

ሊያጽናና የሚመጣ ሰው አልጠፋም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሻይ ፉት እያለች «አይዞህ፤ እግዚአብሔር የወደዳትን ነው የወሰዳት» ብትለው እማማ ከጥጋቸው ሆነው «እንግዲያ ይሄን ሰውዬ ምን ያህል ቢጠላው ነው!» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሻዩ ትን አላት። እሱም ከሰው ጋር ፈገግ አለ። ለአዲስ እንግዳ ደግሞ እማማ ራሳቸው ያስተዋውቁታል፤ «ይኸውላችሁ፣ ፕላስተሩን የላጠው እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መነጽራቸውን አድርገው አያውቁም። ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። በዚያ ቀን የተሰበረባቸው መስሎት አንድ ጊዜ «እማማ፣ የማውቀው የመነጽር ባለሙያ አለ፤ ላሠራልዎት?» ብሏቸው ነበር።

«ካንተ እጅ መስታወት?» አሉት። ሁለተኛ አላነሳባቸውም።

ይሄ ሁሉ ግን ይቻላል። ሰው ምን የማይችለው አለ? ያልቻለው ጸሎቱን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ኮሪደሩ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጡና አባታችን ሆይ ይላሉ። የቤቱ ልማድ ነው፤ እማማ እያንዳንዷን መስመር ይመራሉ፣ የቀረው ሰው ተቀብሎ ይደግማል። ድሮ ተቀባዮቹ ሁለት ነበሩ። አሁን እሱ ብቻውን ይቀበላል። እማማ የዕለቱን ምግብ ይለምናሉ፤ እሱ ይደግማል። ቀጥሎ ስለ ይቅርታ የምትናገረው መስመር መምጣት ነበረባት። እማማ እዚያ ላይ ትንፋሽ ይወስዱና ዘለዋት ወደ ፈተናው ያልፋሉ።

በመጀመሪያው ቀን የረሱ መሰለው። በማግስቱም ዘለሏት። ከዚያ ገባው። ይቅር አላሉትም፤ ይቅር ያላለ አፍ ደግሞ ይቅር ብያለሁ ብሎ እግዚአብሔርን አይዋሽም። እንዲያውም በልቡ አከበራቸው። ግን መሪው ያላላትን ተቀባዩ ከየት ያመጣታል? ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሊላት ሞክሮ ያውቃል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰላምታ እንደመስጠት ሆነበት። ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ያቺን መስመር ከእማማ አፍ መስማት። ያኔ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር የሚነሳ፣ ያኔ እንቅልፍ የሚወስደው ይመስለዋል።

አንድ ቀን እንዲሁ በልመና ዓይን ሲያያቸው ጊዜ እማማ ራሳቸው መንገዱን አሳዩት።

«ፕላስተሩ ቢኖር ልጅዎ ትተርፍ ነበር በለኝ» አሉት። «አንድ ጊዜ በለኝ፤ ከዚያ እናያለን።»

ፕላስተሩ አያተርፋትም ነበር። ያውቀዋል። ይሄን ቢላቸው ውሸት ነው፤ ባይላቸው ደግሞ መስመሯ የለችም። እማማ «ተወው» ብለው ግድግዳቸውን እየዳበሱ ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ መስኮቶቹ ረግፈው ስለነበር ሊገጥም ሄደ። ቄሱ አሮጌ ምንጣፍ ያነጠፉበት ጠረጴዛ አዘጋጅተውለት አጠገቡ ቆሙ። መስታወት ሠሪው መቁረጫውን ጋዝ ውስጥ ነክሮ እየሠራ ሁሉንም ነገራቸው።

«ታዲያ በላቸዋ!» አሉት ቄሱ። «አሮጊት ናቸው፤ ልጃቸውን ቀብረዋል። ምን ይጎድልብሃል?»

«ውሸት ነዋ አባቴ። ፕላስተር ምንም አይሠራም።»

«ጉዳት አለው?»

«ጉዳትስ ይሄን ያህል የለውም። ምንም ነው።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡና «ምንም ካልሆነ ለመላጥ ምን አስቸኮለህ?» አሉት።

መስታወት ሠሪው ጎንበስ ብሎ መስታወቱ ላይ ያሰመራትን መስመር መልሶ አሰመራት። በዚህ ሙያ ይሄን የሚያደርግ ጀማሪ ብቻ ነው፤ መስታወት አንዴ ነው የሚሰመረው፤ ከደገሙት በፈለገው በኩል ይሄዳል። ተሰነጠቀና መዳፉን ቆረጠው። መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሞ ቀረ፤ ምክንያቱም ለምን እንደቸኮለ ያውቃል። የመስታወት ሠሪ ቤት መስኮት ፕላስተር ተለጥፎበት ደንበኛ በመንገዱ ሲያልፍ እንዳያይ ነው። አፍሮ ነው። ሙያ ሙያ ሲል የከረመው ይህችን ለመሸፈን ነበር።

ወደ ቤት ሲመለስ እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እማማ፣ ፕላስተሩ አያተርፋትም ነበር። እሱን ልዋሽዎት አልችልም። ግን የላጥኩት ለሙያው ብዬ አይደለም። ደንበኛ አይቶ እንዳይስቅብኝ ነው። እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ የለጠፉትን፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ላጥኩት። በድዬዎታለሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እማማ። «የላጥክ ዕለት ነው ያወቅኩት። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ይኸው ነው? ያን ያህል ወር ሆዱን ሲበላው የከረመው ነገር «እሱንማ አውቃለሁ» ሆኖ ቀረ? እማማ ጸሎቱን ጀመሩ። የዕለቱን ምግብ ለመኑ። እሱ ወደ ፈተናው እስኪያልፉ ይጠብቃል፤ እሳቸው አላለፉም። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭናቸው ላይ ፈቱት። መነጽራቸው ነው። ከሁለቱ መስታወት አንዱም አልተሰነጠቀም።

«እጇ ላይ ነበር» አሉ። «አንተ ሳትመጣ በፊት ነው ከጣቶቿ ያላቀቅኩት።»

አልገባውም።

«ያን ዕለት የመጀመሪያው ሩቅ ነበር የወደቀው። ሁለታችንም እዚህ ነበርን፤ እዚሁ አንተ ያለህበት ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ የጸሎት መጽሐፌን ይዤ መነጽሬን ክፍል ውስጥ ረስቼዋለሁ። አምጪልኝ አልኳት። ‹እማዬ ትንሽ ይቆይ› አለችኝ። እምነት የለሽም እንዴ አልኳት። እምነት ያለው ሰው መስታወት ይፈራል? አልኳት። ተነሳችና ሄደች።»

እማማ መነጽሩን ጭናቸው ላይ ገለበጡት።

«ያቺን መስመር የምዘላት አንተን ይቅር ላለማለት መስሎህ ነበር» አሉ እማማ። «አንተንማ መቼ ይቅር እንዳልኩህ እንኳ አላስታውስም። ይቅር በለኝ ማለት ነው ያቃተኝ። በምን አፌ? እና ጥፋቱን ያንተ ሳደርገው ትንሽ ይቀለኝ ነበር።»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመሯን ከዳር እስከ ዳር፣ ጮክ ብለው አሏት። ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ፤ ግን ጨረሷት። የሚቀበል ሰው እስኪደግም ቆዩ። መስታወት ሠሪው አልደገመም።

«ልጄ» አሉት።

ተነስቶ ወደ ሱቁ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ተገለበጠ። እማማ ይበላሉ፤ ይተኛሉ፤ ምስር በዳበሳ እየለቀሙ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ልብስ ሰፊዋ «እማማ፣ ፊትዎ በራ! ምን ተገኘ?» ብትላቸው «ሰላም ተገኘ፣ ልጄ፤ እሱ ሰጠኝ» ይላሉ። መስታወት ሠሪው ይህችን ሰላም ሲሰማ ጥርሱ ይፋጫል። የማንን ሰላም ነው የሚበሉት? የሱን አይደለም? እንደ ውሻ መሬት ላይ እያደረ፣ ለእንግዳ ሁሉ እየታየ፣ በሻይ እየተሳቀበት፣ ያን ሁሉ ጊዜ መነጽሩ ደረታቸው ውስጥ ነበር! አሁን ጠላቸው። በፊት የሚፈራቸውን ያህል አሁን ጠላቸው። ለቃሉ አይቸገርም፤ ጥላቻ ነው።

ጸሎቱን ግን አልተወም፤ ይበልጥ ሊጎዳቸው ነው መሰል። በየምሽቱ ይቀመጣል፣ ይቀበላል፣ ያቺ መስመር ስትደርስ አፉን ይገጥማል። እማማ ትንሽ ይጠብቁታል። ከዚያ ያልፋሉ። ይሄ መጠበቃቸው ደግሞ ከሁሉ ይብስበታል። አንድ ጊዜ ወገቡን ይዞ «አሁን ገባዎት ወይ እንዴት እንደሚያቃጥል?» አላቸው። «ድሮም ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ» አሉት። ያቺን «ልጄ» ምኞት አድርጓት የከረመው ሰው አሁን ስትባል ጆሮውን ቢቆርጠው ወደደ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ምሳ ተበልቶ እማማ ጋደም ባሉበት፣ ተኩሱ ጀመረ። የመጀመሪያው ከመንገዱ ማዶ ወደቀ። መስታወት ሠሪው ከሱቁ ዘሎ ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ከጣራው አቧራ ረገፈ። የመኝታ ቤቱ በር ከሱ የእጅ ርዝመት ላይ ነው።

«ልጄ!» የእማማ ድምፅ ነው። «ልጄ፣ እጄን ያዘኝ! በሩ አልታየኝም!»

ሰማ። ደህና አድርጎ ሰማ። እግሩ ግን አልተነሳም። ያልቻለ አይደለም፤ አልፈለገም። አዲሱ መስታወት እዚያ ነው፤ በገዛ እጁ ነው የገጠመው፤ ወፍራሙ፣ ባለ ስድስት ሚሊው፤ እሳቸው ራሳቸው «እንደዚያው ያለውን» ብለው ያስገጠሙት። ይምጣ፣ አለ በልቡ። ቃል በቃል እንዲህ አለ፤ ይምጣ። እማማ ደግመው ጠሩት። እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ።

ሁለተኛው ወደቀ። የመስታወቱን ድምፅ ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ድምፅ ነው። ከዚያ ጸጥ አለ። እማማ አልተጣሩም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ መስታወት ሠሪው ራሱን አየ። ፕላስተር የላጠውን፣ በሐፍረቱ የሳተውን ሰውዬ አይደለም ያየው፤ ሌላ ሰውዬ ነው። ሰው እንዲሞት ቆሞ የጠበቀ። ግድግዳውን ይዞ ወደ መሬት ተንሸራተተ። «ጌታዬ» አለ።

በሩ ተገፋ። የእማማ እጅ ወጣ፤ ግድግዳውን ዳበሰ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው በእንብርክክ ወጡ። ጸጉራቸው በአቧራ ነጥቷል፤ ጆሯቸው ላይ ቀጭን ደም ይወርዳል። በሩን ሲፈልጉ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከአልጋው ወዲህ ወድቀው ነበር፤ መስታወቱ በላያቸው አልፎ ወዲያ ግድግዳው ላይ ረገፈ። ጎኑ ደርሰው ተቀመጡ። እያለከለኩ ቆዩ።

«ስጠራህ አልሰማህም?» አሉት።

አልሰማሁም ማለት ይችል ነበር። ተኩስ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

«ሰምቻለሁ» አለ። «ሰምቼ ነው የቆምኩት። እንዲያገኝዎት ብዬ ነው።»

እማማ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ሊመቱት፣ ሊያለቅሱ፣ ሊነሱ ይችሉ ነበር። እሱ የትኛውም ቢመጣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እሳቸው ግን በደከመ ድምፅ «እንግዲያው ዛሬ አንተ ምራ» አሉት።

መራ። መርቶ አያውቅም፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። እማማ ከኋላው ይቀበላሉ። የዕለቱን ምግብ ለመነ። ከዚያ መስመሯ መጣች። ይቅር በለን የምትለዋ ግማሽ ከእንባ ጋር ወጣች። ያቺን ግማሽ ዛሬ እንደ እስትንፋስ ይፈልጋታል። ሌላኛዋን ግማሽ፣ ለበደሉን ሰዎች የምንሰጣትን፣ እስከ ዛሬ ጠዋት አልሰጥም ያላትን፣ ቆርጦ ሊያስቀራት ቢያስብ አልተቆረጠችለትም። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት። ጥርሱን ነክሶ አላት።

እማማ ደገሟት። ተኩሱ አልቆመም፤ ወደ ገበያው በኩል ተዛወረ እንጂ።

ሰላም የሚባለውን ነገር መስታወት ሠሪው ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ ነገር አድርጎ ነበር የሚያስበው። ይሄኛው ሌላ ነው። እንዲሞቱ ቆሞ ከጠበቃቸው ሴትዮ ጎን፣ አቧራ ውስጥ ተቀምጦ፣ የሚደብቀው አንድም ነገር እንዳልቀረው ታወቀው። ከዚህ በታች የሚወድቅበት ቦታ የለም፤ ክርስቶስም እስከዚህ ድረስ ወርዶ መጥቷል። ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር አልተነሳም፤ ግን መተንፈስ ቻለ። አለቀሰ፤ እማማም እስኪበቃው እንዲያለቅስ ተዉት።

ጎዳናው ጸጥ ሲል ተነስቶ መጥረጊያ አመጣና መኝታ ቤቱን ይጠርግ ጀመር። ትልልቁን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ። እማማ በሩ ላይ ቆመው መሐረባቸውን ፈቱ። መነጽሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከዚያ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ክፍሉን ቀስ ብለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ አዩት፤ አልጋውንም አዩት።

«እዚያ ጋ፣ ከአልጋው እግር ሥር አንዲት ቀርታለች፣ ልጄ» አሉት።

«እሺ፣ እማማ» አለና ጎንበስ ብሎ አነሳት።